ያልተቆጠረው የመስክ ልምምድ

እናትየው ከምትሠራበት የክሊኒክ ካርድ ክፍል ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ነበር የተናገረችው።

«ተቆጠሩልኝ! ድሮ ኮሌጅ የተማርኳቸው ኮርሶች ከአንዷ በቀር ሁሉም ተቆጠሩልኝ። የቀረችው የቅየሳ የመስክ ልምምድ ናት። ቅዳሜ ይፈትኑኛል። እሷን ካለፍኩ በቀጥታ ሦስተኛ ዓመት እገባለሁ።»

ልጅቷ የታጠበውን ሰሃን መልሳ አለቀለቀችው። ኮሌጁ ውስጥ የሦስተኛ ዓመት ቅየሳ አንድ ክፍል ብቻ ነው ያለው። እሱም የእሷ ክፍል ነው።

«ካላለፍሽስ?»

«አታሟርቺ! ካላለፍኩማ ከሁለተኛ ዓመት ልጆች ጋር ነኝ። ስመረቅ አርጅቼ ካርድ የማወጣው ለራሴ ይሆናላ!» ብላ ሳቀች። «አይዞሽ፣ ከኋላ ነው የምቀመጠው። መኖሬንም አታውቂ።»

ልጅቷ ለወጉ ያህል ፈገግ አለች።

እናቷ ያንን ልምምድ ለምን እንዳልጨረሰች ከዘመድ የማያውቅ የለም። ልጅቷን አርግዛ ነበር። «ሆዴ እየቀደመኝ ዓይኔ የመቀየሻው መነጽር ጋ መድረስ አቃተው» እያለች በሄደችበት ሁሉ ታስቅበታለች። ሲያስቅ ደግሞ ያስቃል። ችግሩም እሱ ነው። ልጅቷ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ ለመናገር ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል፤ የጀመረችው ገና አሁን በቅርቡ ነው። እናቷ ባለችበት ደግሞ ሌላ ሰው የሚናገርበት ክፍተት አይገኝም።

ሳምንቱን ሙሉ መቀመጫ አጣች። ደብተር ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ተነስታ መስኮቱ ጋ ትሄዳለች፤ ምን ልታይ እንደሄደች ይጠፋትና ትመለሳለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስተኛ ዓመቶች ኮሌጁ ግቢ ውስጥ ልምምድ ላይ ነበሩ። ወጣቱ የትምህርት ክፍል ኃላፊ እናትየውን ከውኃ ታንከሩ ሥር አቆማት።

«ከዚህ ተነስተው እስከ በሩ ከፍታውን ይለካሉ። ከዚያ እየለኩ ተመልሰው እዚሁ ይዘጋሉ። የተነሱበትና የተመለሱበት ቁጥር ካልተገናኘ ኮርሱ አይቆጠርልዎትም።» ዞር አለና፣ ዝምድናቸውን ሳያውቅ፣ «አንቺ፣ ዘንጉን ያዢላቸው» አላት ልጅቷን።

ዘንጉ ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ታጣፊ መለኪያ ነው። ያዡ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ ቀያሹ ከሩቅ በመነጽር ያነበዋል። ወደ ጎን ካዘነበለ ቀያሹ ወዲያው ያየዋል። ወደ ኋላ ካዘነበለ ግን አይታይም፤ የሚነበበው ቁጥር ብቻ ይጨምራል። ልጅቷ ይህን አሳምራ ታውቃለች።

እስከ በሩ ድረስ ቀጥ አድርጋ ያዘችው። ሲመለሱ ግን ክፍሉ በሙሉ ከወሬው ብዛት «ሬዲዮ» የሚለው ልጅ ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ ጠበቃት።

«ስሚ፣ ይቺን ሴትዮ አየሻት? ሰላምታዋ ራሱ የምረቃ ንግግር ነው። እኛ ጋ ከገባች እኔ ከሥራ ተባረርኩ ማለት ነው!»

ከጎኑ ያሉት በሳቅ ፈነዱ። ልጅቷ ወደ ሳቁ ዞር አለች። ዘንጉ ወደ ኋላ ሄደ። ገፋችው ለማለት ይከብዳል፤ ግን አልመለሰችውም። ከዘንጉ ጀርባ ያለችው፣ ቀጥ ማለቱን የምታሳየው የውኃ ልክ አረፋ ከክቧ ወጣች።

ከወዲያ እናቷ መነጽሩ ላይ አጎንብሳለች። ቀና አለች፤ ግን አልጻፈችም። እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ቀስ እያለች ወደ ፊትና ወደ ኋላ አወዛወዘችው።

«ትራፊክ ፖሊስ ሆነች እንዴ ደግሞ?» አለ ሬዲዮ።

ልጅቷ ግን ገባት። ዘንጉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አወዛውዢ ማለቷ ነው። ቀያሹ ከሚያያቸው ቁጥሮች ትንሹን ይወስዳል፤ ትንሹ ዘንጉ ቀጥ ሲል የሚታየው ነውና። እናቷ ጠርጥራት ይሁን ነፋሱን ፈርታ፣ ከዚያ ርቀት ፊቷ አይለይም።

ማወዛወዙም ቢሆን ያለው በልጅቷ እጅ ነው። ቀጥ ከማለቱ በፊት ብትመልሰው ማንም አያውቅባትም። አንድ ጊዜ እንደዚያው አደረገች፤ ግማሽ አምጥታ መለሰችው።

እናቷ ከመነጽሩ ዓይኗን አላነሳችም። አልጮኸችም፣ አልቀለደችም። አጎንብሳ ጠበቀች። ልጅቷ እናቷን ይህን ያህል ዝም ብላ አይታት አታውቅም፤ ካርድ ክፍል ውስጥ ይሁን ቤት፣ ዘመድ ታሞ እንኳ ቢሆን። አሁን ግን ትንፋሿንም የያዘች ትመስላለች።

ልጅቷ ዘንጉን ወደ ፊት አመጣችው፣ አረፋዋ ክቧን አቋርጣ እስክታልፍ ድረስ። መለሰችው። ደግማ አመጣችው። እናቷ ጻፈች።

ታንከሩ ሥር ሲደርሱ ኃላፊው ደመረ፣ ቀነሰ፤ መልሶ ደመረ።

«ተገናኝቷል። ሰኞ ከሦስተኛ ዓመት ጋር ይግቡ።»

«ሰማሽ? ሰማሽ ወይ?» ብላ እናትየው ግቢውን በድምጿ ሞላችው።

«አንቺን ነው እንዴ?» አለ ሬዲዮ ከኋላ ደርሶ። «ታውቂያታለሽ?»

«እናቴ ናት» አለች ልጅቷ። ካሰበችው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። ሁሉም ዞረው አዩዋት። ዘንጉን ማጠፍ ጀመረች፤ መቆለፊያው እምቢ ብሏት ደጋግማ ታገለችው።