ብርቱካናማዋ ሥራ ፈት

"ይህችን ምስር የምታክል ብርቱካናማ ነገር ታያላችሁ?" አለ ቲሎ፣ የተከፈተውን መሣሪያ ወደ ካሜራው አዘንብሎ። ከኋላው ባለው ትልቅ ስክሪን ላይ የመሣሪያው ሆድ ዕቃ ተዘረገፈ። "ነፍሱ እሷ ናት። ድምፁን የምታሞቀው እሷ ናት። እሷን እስካገኝ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ!"

ጌዚነ ቮልራብ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ጥርሷን ነከሰች። የበርሊኑ የድምፅ መሣሪያ ሠሪዎች ትርኢት አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። አጠገቧ ያለው ኡልፍ፣ የመሣሪያ ሣጥን እየሠራ የሚያድረው ወዳጇ፣ በክርኑ ጎሸም አደረጋት።

"ተረጋጊ እንጂ። ወንበሩን ልትሰብሪው ነው።"

"የምሰብረው ወንበር አይደለም።"

መሣሪያው ድምፅን ተቀብሎ ቆየት አድርጎ እንደ ገደል ማሚቶ ደጋግሞ የሚመልስ ነው። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለበትም። እሳት ለማጥፋት የተሰለፈ የመንደር ሰው ውኃ በባልዲ እንደሚቀባበል፣ በቺፑ ውስጥ ያሉ እልፍ ጥቃቅን ማጠራቀሚያዎች ድምፁን ይቀባበሉታል። ባልዲ በእጅ ሲዞር ትንሽ መፍሰሱ አይቀርም፤ ድምፁም ጫፍ ሲደርስ ደብዘዝ፣ ለስለስ ብሎ ይወጣል። ሙዚቀኞቹ የሚያብዱለት ለዚያ ለሚፈሰው ነው።

ሰርኪቱን፣ ማለት የውስጡን የኤሌክትሪክ መስመር፣ የነደፈችው ጌዚነ ናት። ቲሎ ክሬመር ሸሪኳ በነበረበት ዘመን የፊቱን ቆርቆሮ ይቆርጥ፣ ቀለም ይቀባ፣ ገዢ ያባብል ነበር። ሲለያዩ ሰርኪቱ የተበየደበትን ቦርድ ፎቶ አንስቶ ለፋብሪካ ሰጠና ፊቱ ላይ የራሱን ስም አሳተመ። በዚህ ሙያ መገልበጥ ነውር አይደለም፤ ሁሉም ከሁሉም ይማራል። ነውሩ የነዳፊውን ስም መፋቅ ነው። ለዚህ ሲባል አንዳንድ ነዳፊ፣ ከብት አርቢ በሬው ላይ ምልክት እንደሚያደርግ፣ ቦርዱ ላይ አንድ የማይረባ ነገር ይደብቃል። የጌዚነ ምልክት ብርቱካናማዋ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ትንሽ ዕቃ፣ ነበረች፤ ሁለት እግሮቿ አንድ መስመር ላይ የታሰሩ፣ ድምፅ የማያልፍባት፣ ሥራ ፈት። ሌባው ሥራ ፈቷንም አብሮ ሰረቀ። መስረቁ ሳያንሰው፣ ከድሮ ፋብሪካ የተረፈች ብርቱካናማ ካፓሲተር የተገጠመበትን "ልዩ እትም" ብሎ በውድ ይቸበችብ ያዘ።

"ጥያቄ ያለው?" አለ ቲሎ።

ጌዚነ እጇን አወጣች። ሲያያት ፈገግታው ደረቀ፤ ወዲያው መልሶ አረጠበው።

"ኦ፣ ጌዚ! የድሮ ባልደረባዬ ናት። ብየዳ ላይ ታግዘኝ ነበር።"

ታግዘኝ ነበር። ጌዚነ ደሟ ጆሮዋ ድረስ ሲወጣ ተሰማት። ኡልፍ እጅጌዋን ቢይዛትም መንጭቃ ተነሳች።

"ቲሎ፣ ነፍሱን ብናወጣው ይሞታል?"

ሕዝቡ ሳቀ። ቲሎም አብሮ ሳቀ።

"በደንብ ነዋ! ይሻክራል፣ ይቀዘቅዛል።"

"እንግዲያው እናውጣውና እንስማ።"

"ሰው ፊት የሕያው ነገር ልብ ይወጣል እንዴ? ዛሬ ምን በልተሽ ነው የመጣሽው?"

ከፊተኛው ረድፍ አቶ ቡርማይስተር የሚባሉ ጡረተኛ ኦርጋን ተጫዋች በከዘራቸው ወለሉን መቱ። "እኔ ልዩ እትሙን ገዝቻለሁ። ምን እንደገዛሁ ማወቅ አለብኝ። ይቁረጧት!"

"ይቁረጧት! ይቁረጧት!" አለ አዳራሹ።

ቲሎ እምቢ ቢል ፈሪ ሊባል ነው። እጁን ዘርግቶ ወደ መድረኩ ጋበዛት። ጌዚነ ከኪሷ ፒንሳ አወጣች። ሁለቴ ቀጭ፣ ቀጭ አደረገችና ብርቱካናማዋን በሁለት ጣቷ ከፍ አድርጋ አሳየች። ከዚያ ከመሣሪያው ጋር የተያያዘውን፣ በራሱ የሚመታ የኤሌክትሪክ ከበሮ አስነሳችው። ዱም… ዱም… ዱም… እያለ ገደል ማሚቶው ተመለሰ፤ ያው ድምፅ፣ ያው ልስላሴ።

"የቱ ጋ ነው የሞተው?" አሉ አቶ ቡርማይስተር። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ቲሎ እስከ አንገቱ ድረስ ቀላ። ጌዚነ ያንን ቅላት እንደ ጠጅ ጠጣችው።

ግን ሳቁ ሳይበርድ የከበሮው ማሚቶ መሻከር ጀመረ። መጀመሪያ ጭራው ላይ፣ ቀጥሎ ሙሉ በሙሉ፤ እንደተቀደደ ቆዳ ይንጣጣ ገባ።

"ሰማችሁ?" ቲሎ ከሞት እንደተነሳ ዘለለ። "ነፍስ ሲወጣ ገላ ወዲያው አይሸትም! ቆይቶ ነው! ምን አልኳችሁ?"

ሕዝቡ አጉረመረመ። አቶ ቡርማይስተር ነጭ ቅንድባቸውን ሰበሰቡ። ኡልፍ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

ጌዚነ ምን እንደሆነ ገና መንጣጣት ሲጀምር ነው ያወቀችው። የመድረኩ መብራት መሣሪያውን አግሎታል። እሷ አንድ ቦርድ በይዳ ስትጨርስ አብርታ ትተወዋለች፤ ምሳዋን በልታ፣ ሳህኗን አጥባ፣ ቦርዱ ሲግል ነው ማስተካከያ ብሎኗን በጆሮዋ እየሰማች የምታዞረው። የቲሎ ፋብሪካ ግን ቦርዱ እንደቀዘቀዘ ብሎኑን አዙሮ ያሽጋል። ለዚያ ነው መሣሪያው ሱቅ ውስጥ እንደ ወፍ እየዘመረ ሞቃት የጭፈራ ቤት ሲገባ የሚያናፋው። ገዢው ሲያማርር ቲሎ የቤታችሁ መብራት ነው፣ ሽቦአችሁ ነው ይላል። ቦርዱ ላይ አምስት ብሎኖች አሉ፤ የትኛዋ እንደሆነች፣ መቼ እንደምትዞር አያውቅም። ፎቶ ይህን አያሳይም።

አሁን ካሜራ ፊት ብታዞራት እውነቷ ይወጣል፤ ግን ቲሎ የትኛዋ እንደሆነች ያያል፣ የሌባው በሽታም አብሮ ይድናል። ዝም ብትል ደግሞ አንዲት ምስር ይዛ፣ ውሸታም ተብላ ከመድረክ ልትወርድ ነው።

ብርቱካናማዋን አቶ ቡርማይስተር መዳፍ ላይ አኖረቻት። "ይያዙልኝ። ያለ እሷ ነው የምሠራው።" ካቻቢቴዋን አወጣች፤ በግራ መዳፏ ቦርዱን ከካሜራው ከለለችው።

"እጅሽን አንሺ፤ ሰው አያይም" አለ ቲሎ።

"ማሚቶ የሚሰማው በዓይን ነው እንዴ?"

በመዳፏ ሥር ብሎኗን በትንሹ አዞረቻት። መንጣጣቱ ቀነሰ፣ ጠፋ። ከበሮው ከሩቅ ተራራ እንደሚመለስ ሆኖ ዱም… ዱም… እያለ አዳራሹን ሞላው። አቶ ቡርማይስተር ብርቱካናማዋን አንዴ፣ ቲሎን አንዴ አዩና "አጭበርባሪ!" አሉ። ጭብጨባው ቀለጠ።

በጭብጨባው መሃል ቲሎ ጆሮዋ ሥር ተጠጋ። ላቡ ይሸታል።

"የቷን ነው ያዞርሽው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ብየዳ ላይ ነው የማግዝህ።"

"ጌዚ፣ በናትሽ። ስምሽን ፊቱ ላይ አሳትማለሁ። መጋዘን ሙሉ ተመላሽ ዕቃ አለብኝ። የቷ ናት?"

"ማይኩ እጅህ ላይ ነው። ማን እንደነደፈው ንገራቸው።"

ቲሎ ማይኩን አየ። ሕዝቡን አየ። ከንፈሩ ተከፈተ፤ ለአፍታ የሚናገር መሰለ።

"ቢሮ ሄደን ብንነጋገርስ?" አለና ማይኩን ከጀርባው ደበቀው።

ጌዚነ ወደ አዳራሹ ዞረች። ማይክ አላስፈለጋትም። "መሣሪያችሁ የሚንጣጣባችሁ ሁሉ ኖይኮልን ሰፈር፣ ወደ ሱቄ አምጡት! በነፃ እሠራላችኋለሁ። ከአቶ ክሬመር በስተቀር።"

ካቻቢቴዋ ገና ከብሎኗ አልተነሳችም። በመዳፏ ሥር ወደ ነበረችበት መልሳ አዞረቻትና እጇን አነሳች፤ አምስቱም ብሎኖች ፋብሪካው እንዳሸጋቸው ናቸው።