የጥፊው ፊልም

ፅዮናዊትና አልአዛር ጅቡቲ ማዕከላዊ ገበያ አጠገብ የማንጎ ጭማቂ እየጠጡ፣ ሁለቱም የሚወዱት ዳይሬክተር ዘሩ ከሠራቸው ፊልሞች የትኛው እንደሚበልጥ ይከራከራሉ። አልአዛር እሑድ ለአባቷ ሽማግሌ ሊልክ ነው።

«እናትየው ባቡር ጣቢያ ልጇን የምትጠብቅበትን የሚያህል የለም» አለች።

«እሱማ እንቅልፍ ያመጣል! ምርጡ ባልየው ሚስቱን በጥፊ የሚያጮልበት ነው» አለና ያንኑ ቦታ በስልኩ ከፈተላት። ሴትዮዋ ወደቀች። አልአዛር በሳቅ ፈረሰ፤ መልሶ ከፈተው። «ድምፁን ስሚው እንጂ፣ የኔ እመቤት! ሴት የምትገራው እንዲህ ነው።»

ለሦስተኛ ጊዜ ሲከፍተው፣ ፅዮናዊት ብርጭቆዋን ገፋ አድርጋ ተነሣች።

«ሽማግሎቹ እሑድ እንዳይደክሙ ንገራቸው።»

«ኧረ በፊልም ነው እንዴ?»

«በሳቅህ ነው» ብላው ወጣች።