ሳይታተም የወጣ

የክሊኒኩ ፕሮግራመር ከጠዋት ጀምሮ ከወንበሯ አልተነሣችም። ታላቅ ወንድሟ ከእሷ ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ ተኝቶ ኩላሊት ይጠብቃል። ዛሬ ንጋት ላይ አንድ ተገኝቷል፤ የንቅለ ተከላ ማዕከሉ የእሱ ጥያቄ እስከ ስድስት ሰዓት ካልደረሰው ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። ሐኪሙ ደግሞ እሷን ለብቻዋ ጠርቶ፣ ሌላ እስኪገኝ ወንድሟ እንደማይቆይ ነግሯታል።

ማዕከሉ ከዛሬ ጀምሮ ላኪውን የሚያረጋግጥ የኮምፒውተር ማኅተም የሌለበት መልእክት አይቀበልም። መልእክቱ ከክሊኒኩ ሲወጣ መንገድ ላይ ይዛ አትማ የምትለቅ ትንሽ ኮድ የጻፈችው ራሷ ናት። ኮዷ በማዕከሉ ሰርቨር ላይ ስትሞከር እንደ ሰዓት ሠርታለች። እዚህ ክሊኒኩ ኮምፒውተር ላይ ስትመጣ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ። ስሕተት አለ አትል፣ የለም አትል፣ ጭራሽ አትነቃም።

ለማዕከሉ መዝጋቢ ደወለች። ጨዋ ሰው ነው፤ አዘነላት፣ ግን በስልክ የሚቀበለው ጥያቄ የለም። ሕግ ነው እህቴ ብሎ ዘጋ።

ሴትየዋ አንድ የምትኮራበት ልማድ አላት። ምንም ነገር ከመሞከሯ በፊት፣ ክሊኒኩን ከማዕከሉ የሚያገናኘውን ፋይል «አድስ» የሚለውን ቁልፍ ተጭና ታድሳለች፤ የቆየ ስሕተት ካለ ይጠረግ ብላ። ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ጽዳት» የሚሏት ለዚህ ነው። ኮዷን ጠርታ የምታነቃውን አንዲት መስመር ጠዋት እዚያው ፋይል ላይ ጽፋለች። ከዚያ ወዲያ የማኅተሙን ኮድ አፍርሳ ሠራች፣ ሠርታ አፈረሰች። ታርማለች፣ ታድሳለች፣ ትልካለች። መልእክቱ ሳይታተም ሄዶ ተመልሶ ይመጣል። 

ለስድስት አምስት ጉዳይ ሲል፣ የምታርመው ቢጠፋት ያንኑ ፋይል ከፈተችው። መስመሯ የለችም። ፋይሉን የሚጽፈው ማሽኑ ነው፤ በታደሰ ቁጥር ከሀ ጀምሮ ይጽፈዋል፣ ሰው የጨመረበትን አይምርም። ኮዷ ያልነቃችው የሚጠራት ስለሌለ ነው። ጠሪዋን ያጠፋችው ደግሞ በገዛ እጇ ነው።

መስመሯን ጻፈች፤ ቸኩላ ተሳሳተች፣ እንደገና ጻፈች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ። ሳታድስ ላከች። መልእክቱ ታትሞ ወጣ፣ መልሱም ወዲያው መጣ፦ ስድስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ፣ ተራው አልፏል። ስትደውል መዝጋቢው ኩላሊቱ ወደ ሚቀጥለው ተረኛ ጉዞ መጀመሩን ነገራት።

ወደ ላይ ስትወጣ ወንድሟ ጺሙን ተላጭቶ፣ አልጋው ላይ ተነሥቶ ተቀምጦ ነበር።

«ጥያቄው ሄደልን?»

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለችው፤ ጥፋቷን ምንም ሳትደብቅ፣ እያለቀሰች ነገረችው።

የተላጨበትን ፎጣ አጣጠፈ። በኋላ፣ «ድሮም ቤቱ ካልተጠረገ እህል በአፍሽ አይዞርም» ብሎ ሊቀልድ ሞከረ። ከአልጋው ጠርዝ ቦታ ለቆላት እጇን ያዘ።

«የሚቀጥለው ሲመጣ ግን ይታተማል፣ አይደል?»

«ይታተማል፣ ጋሼ» አለችው።