በታዴዎስ ስም ብቻ

ታዴዎስ ሆሳዕና ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ኮምፒውተር ያስተምራል። ምላሱ ጤፍ ይቆላል፤ ክርክር ከገባ ደግሞ ሳይረታ አይወጣም። የሀዲይኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት በስልክ ላይ የሚያሳይ መተግበሪያ መሥራት ሲጀምር፣ "ማንም በነጻ ይውሰደው፤ ኮዱን የፈለገ ይየው፣ የቻለ ያስተካክለው" ብሎ ነበር። ሰውም መጣለት። አስተማሪው፣ ተማሪው፣ አዲስ አበባ ያለው የአገር ልጅ ሳይቀር ቃል ማዋጣት፣ ስህተት ማረም ጀመረ።

ከሁሉም የበረታችው ሰሎሜ ነበረች። የቀድሞ ተማሪው ናት፤ አሁን ዱራሜ መሥሪያ ቤት ተቀጥራለች። አባቷ ሀዲያ እናቷ ከምባታ ስለሆኑ በሁለቱም ቋንቋ አፏን ፈትታለች። መተግበሪያው ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ያደረገችው እሷ ነች።

ኮዱ የሚቀመጠው፣ መተግበሪያውም ወደ ስልክ የሚወርደው መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለው የፈትሁዲን ሱቅ ነበር። ፈትሁዲን ስልክና ኮምፒውተር ይጠግናል። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ጠጋግኖ ከመደርደሪያው ሥር አስቀመጠላቸው፤ "ሰርቨራችን" የሚሉት እሱን ነው። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩም አብሮ ይጠፋል። ማስተካከያ ያለው ሰው ደግሞ፣ በታዴዎስ ሕግ፣ በፋይል አሰናድቶ በኢሜይል መላክ ነበረበት። ብዙው ሰው አይችልበትም፤ አንዴ ይሞክርና ይተወዋል።

ሰሎሜ ይህን ስታይ ቆይታ በቴሌግራም ግሩፓቸው ላይ ሐሳብ አቀረበች። "ብዙ ሰው ኮዱን ወደሚያስቀምጥበት ትልቅ የውጭ ድረ ገጽ እንውሰደው። ክፍያ የለውም። ስህተት ያየ ሰው እዚያው ጽፎ ይሄዳል። መብራት ጠፋ ብለንም አንጨነቅም።"

ታዴዎስ ቱግ አለ። "ነጻ ሥራ በሰው ጓሮ አይተከልም! ድረ ገጹ የኩባንያ ነው። ነገ በሩን ቢዘጋብን ማንን እንጠይቃለን?"

ነገሩ እውነትነት ነበረው፤ ሰሎሜም አልካደችም። "አንድ ቅጂ ሱቁ ውስጥ እናቆያለን" አለች። ሌሎቹም ወደ እሷ ማዘንበል ጀመሩ። ታዴዎስ መረታት ሲመጣበት ታወቀው። ያን ጊዜ፣ ሰው ሁሉ በሚያነበው ግሩፕ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "አንዳንድ ሰው የሕዝብ ሥራ ወስዶ የራሱን ስም ሊያወጣበት ይፈልጋል። ሰሎሜ፣ ለሥራ ማመልከቻ ከሆነ የራስሽን ሠርተሽ አሳዪ።"

ሐሳቡም በዚያው ቀረ። ሰሎሜ ማስተካከያ መላኳን ግን አልተወችም፤ እንደ ሕጉ በኢሜይል።

ብዙም ሳይቆይ ታዴዎስ ከውጭ አገር የወጣ የሥራ ማስታወቂያ አየ። አመልካቹ የሠራውን ኮድ ሰው ሊያየው በሚችልበት ቦታ እንዲያሳይ ይጠይቃል። ከመደርደሪያ ሥር ያለ ኮምፒውተር ለፈረንጅ አይታይም። እናም ታዴዎስ ኮዱን በሙሉ ራሱ ወደተቃወመው ወደዚያው ድረ ገጽ ጫነው። ሲጭንም ማን ምን እንደሠራ የሚያሳየውን ታሪክ ትቶ የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ ወሰደ። ከላዩ ላይ የራሱን ፎቶና ስም አደረገበት። ለራሱ "መጠባበቂያ ነው" አለው። ሥራውን አላገኘም፤ ገጹንም አላነሳውም።

በሚያዝያ ወር አስተማሪዎች ከየወረዳው ተጠርተው በኮሌጁ አዳራሽ ተሰበሰቡ። መተግበሪያውን ስልካቸው ላይ ጭነው ለተማሪዎቻቸው እንዲያሳዩ ነበር። ሰሎሜም ከዱራሜ መጥታ ከኋላ ተቀምጣለች። ታዴዎስ ጥሩ አድርጎ ተናገረ፤ አሳቃቸውም። "አሁን ስልካችሁን አውጡ" ሲል ግን ከተማው መብራት የለውም ነበር። አዳራሹ በጄኔሬተር ይሠራል፤ ሱቁ ግን ጄኔሬተር የለውም። ፈትሁዲን ጋ ደወለ።

"ወንድሜ፣ ጨለማ ላይ ነኝ" አለው ፈትሁዲን።

አስተማሪዎቹ ስልካቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ታዴዎስ ገጹ ትዝ አለው፤ ፋይሉን ከዚያ አውርጄ እሰጣቸዋለሁ ብሎ በጥድፊያ ላፕቶፑ ላይ ከፈተው። ፕሮጀክተሩ እንደተሰካ ፈጽሞ ረስቶታል። ግድግዳው ሙሉ ፎቶው ወጣ። ከሥሩ "ሐሳቡም ሥራውም የታዴዎስ" የሚል በእንግሊዝኛ ተጽፏል።

ከቦኖሻ የመጡት መምህርት አበራሽ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡት። "የብዙ ሰው ሥራ ነው ሲሉን አልነበረም እንዴ?" አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ስላልገባቸው ነው የጠየቁት።

የታዴዎስ ያ ጤፍ የሚቆላ ምላስ ከላንቃው ጋር ተጣበቀ። ዞሮ ሰሎሜን ማየት አቃተው።

ከኋላ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ። "መጠባበቂያችን ነው" አለች ሰሎሜ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። "መብራት ሲጠፋ እንዲያገለግለን ያስቀመጥነው ነው። አድራሻውን እዩትና ከዚያው አውርዱ።"

አወረዱት፤ ሠራላቸው። ሲወጡም እየመጡ ታዴዎስን ጨበጡት፤ "ጌታ ይባርክህ፣ ቋንቋችንን አከበርክልን" አሉት። ምርቃቱ እንደ ጥፊ ነበር የሚያርፍበት። ቀና ሲል ሰሎሜ የለችም።

እየሮጠ መናኸሪያ ደረሰ። "አንጋጫ፣ ዱራሜ! የሞላ!" ይላል ረዳቱ። ሰሎሜ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች።

"ሰሎሜ፣ ስሚኝ... በእውነት መጠባበቂያ ብዬ ነው እንጂ..."

"ጋሼ፣" አለችው፣ "እሱን ውሸት ለአስተማሪዎቹ ያልኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ደግሞ ለእኔ አይድገሙት።"

አንገቱን ደፋ። "ታዲያ ለምን ሸፈንሽልኝ?"

"ሥራው እንዳይዋረድ ነው። ስንት ሰው ደክሞበታል።" ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። "ያኔ ግሩፑ ላይ የጻፉትን እናቴም ሰምታለች። የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው የነገራት። እሷ ጋ ሲደርስ 'ሰረቀች' ሆኗል። 'ልጄ፣ የሰው ምን ወሰድሽ?' ብላ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ እንደማስረዳት ቸገረኝ።"

መኪናው ተንቀሳቀሰ።

ታዴዎስ የፈትሁዲን ሱቅ ገብቶ ስልኩን አወጣ። መጀመሪያ ረጅም ነገር ጻፈ፤ ስለ ሥራ ማስታወቂያው፣ ስለ ኑሮ፣ ስለ መብራት። አነበበውና አፈረበት፤ አጠፋው። በመጨረሻ የላከው አጭር ነበር፦ "የሁላችሁንም ሥራ በስሜ ብቻ ድረ ገጽ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰሎሜ ላይ የጻፍኩት ውሸት ነው። ዛሬም የሸፈነችልኝ እሷ ናት።" አንዳንዱ ሰደበው። አንዳንዱ ምንም ሳይል ከግሩፑ ወጣ።

ገጹ ተነሣ፤ በምትኩ የሁሉም ስምና ድካም ያለበት ሌላ ተከፈተ፤ ማስተካከያ የማጽደቂያውን ቁልፍም ለሰሎሜ ሰጧት። የሱቁ ኮምፒውተር ቅጂውን ይዞ ቀረ። ታዴዎስ ማስተካከያ ሲልክ የምታየው እሷ ነች። ሲሳሳት "እዚህ ጋ ቢያዩት፣ ጋሼ" ብላ ትመልስለታለች። አክብሮቷ አልጎደለም፤ እሱ ግን ባነበበው ቁጥር ጆሮው ይግላል።

አንድ ቅዳሜ ዱራሜ ሄዶ የእናቷን ቤት አጠያየቀ። ሰሎሜ አልነበረችም። እናትየው ማን እንደሆነ ሳያውቁ ወንበር ሰጡት። ቆሞ ነገራቸው። "ልጅዎ የማንንም አልወሰደችም። የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ስሟን ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።"

"እኔስ ልጄን አውቃታለሁ" አሉ ሴትዮዋ። "ይሄን ለዮሲ ንገረው። ከገበያው በታች ነው ቤቱ። ለእኔ የነገረኝ እሱ ነው።"

ሄደ። ዮሲ የመዘምራን መሪ ነው፤ ደጁ ላይ ሸሚዝ እየተኮሰ አገኘው። ታዴዎስ ያንኑ ደገመለት። ዮሲ ካውያውን አቁሞ ሰማውና ራሱን አከከ።

"ውይ፣ እኔም አጥፍቻለሁ" አለ። "ለሌላም ሰው ሳላወራው አልቀርም። ለማን ለማን እንደሆነ ግን እንጃ።"

ታዴዎስ "እሺ" አለ። አመስግኖት ዳገቱን ወደ መናኸሪያው ወጣ። ገበያው ደምቋል። ከፊቱ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ማየት ከበደው፤ የትኛው ሐሜቱን ሰምቶ እንደሆነ አያውቅምና።