ኮሎኔሉ ያደረሱት መርዶ

ኮሎኔል አላምረው ከጦሩ በጡረታ ተሰናብተው ቆቦ፣ እኛ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሊያስተምሩ ሲመጡ፣ እኔ የመዝገብ ቤቷ ታንጉት «ደግሞ በፊሽካ ሊያሰልፉን ነው!» ብዬ ስቄ ነበር። ምላሴን ይቁረጠው! ውጤት በወጣ ቁጥር የየልጁን ማርክ ይዘው፣ በዚያ ሐሩር በእግራቸው ወላጅ ቤት ድረስ የሚሄዱ ሰው ሆነው አረፉት።

«ምን አስለፋዎት? ደብዳቤ እንጽፍ የለም እንዴ?» ብላቸው፣

«ታንጉት፣ ሠላሳ ዓመት ለእናቶች የላክሁት ደብዳቤ ይበቃኛል» አሉኝ። የሞቱ ወታደሮች እናቶች መሆናቸው ገባኝ።

ፍሬሕይወትን እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩዋት። ከሮቢት ወረድ ብሎ ካለ መንደር መጥታ፣ ቆቦ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ናት። ዓርብ ዓርብ ስንቅ ልታመጣ እናቷ ዘንድ ትሄዳለች። ያን ዓርብ ግን አንድ ሒሳብ እምቢ አላትና «ካልሠራሁት አልሄድም» አለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም! ኮሎኔሉም ደስ ብሏቸው አብረዋት ቆዩ። ቆቦ ፀሐይ ነበር፤ ዝናቡ የጣለው ደጋው ላይ ነው። ልጅቷ ዘግይታ ወጥታ፣ መንገዷ ላይ ያለውን ወንዝ ስትሻገር ደራሽ ጎርፍ ወሰዳት። አስከሬኗ የተገኘው ሲመሽ ነው።

የአገር ሽማግሌዎች «መርዶውን እኛ እንናገር፣ እርስዎ ይቅሩ» ቢሏቸው፣ «የለም፤ ያቆየኋት እኔ ነኝ» አሉ። እንደ ወጉ በማለዳ ሄድን። ጥፋታችን እሳቸውን ማስቀደማችን! እናቷ አበበች በሩን ከፍታ ስታያቸው ፊቷ በራ። ደጇን የሚረግጡት ሁልጊዜ ማርክ ይዘው ነዋ።

«እሰይ! ስንት አመጣችልኝ?» አለች።

ከኋላ የቆምነውን ስታይ ገባት። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ለምን እንደሚመጣ ማን ያጣዋል? ጩኸቷ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ኮሎኔሉ እግሯ ሥር ወደቁ። «እኔ ነኝ እህቴ! በአንድ ሒሳብ ያቆየኋት እኔ ነኝ።»

ትረግማቸዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸውም የፈለጉት እርግማኗን ይመስለኛል። እሷ ግን አንዲት ቃል አልተናገረቻቸውም።

በሰልስቱ ድንኳን ውስጥ አስጠራቻቸው። ድምጿ ተዘግቷል።

«ያን ሒሳብ ሠራችው?»

«ሠርታዋለች። ብቻዋን።»

«እንግዲያ ማርኳን ይንገሩኛ!»

ኮሎኔሉ ተነሥተው ቀጥ ብለው ቆሙ። «ከመቶ መቶ» አሉና፣ ያ ሁሉ ጦር ያዘዙ ሰው፣ ለቀስተኛው ፊት እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ።