ሽታ የሌለው ጀሪካን

ፀረ ተባይ ረጪውን የእርሻው ሰው ሁሉ "አፍንጫው" ይለዋል፤ "ካልሸተተ አይጎዳም" ባይ ነበርና። ትናንት ባዶውን የመርዝ ጀሪካን ሦስቴ በሳሙና አጠበና አሸተተው። ምንም ሽታ ሲያጣበት፣ ለመጠጥ ውሃ ይሆናል ብሎ ቤቱ ወሰደው። ዛሬ ጠዋት ለረጪዎች በተሰጠ የመርዝ አያያዝ ሥልጠና ላይ አሠልጣኟ፣ "ሽታው ቢጠፋም መርዙ ከፕላስቲኩ አይለቅም" ስትል ክው አለ። ሥልጠናውን ጥሎ ቤቱ በረረ።

"ልጆቹ ጠጡበት እንዴ?" አላት ሚስቱን፣ ገና ከበሩ።

"በምኑ ይጠጡ?" ብላ ጀሪካኑን አነሳችለት፤ በምስማር በስታ ወንፊት አድርጋዋለች። "የራስ ቅል የተሳለበት ዕቃ ለልጆቼ? አንተ አፍንጫህን እመን፤ እኔ ዓይን አለኝ!"

አፍንጫው ደጃፉ ላይ ዘፍ አለ። ስድቧ እንደ ዛሬ ጣፍጦት አያውቅም።