በሕንጻው የቀሩ ወንዶች

እ.ኤ.አ. በ2006 ሐምሌ፣ ከሊባኖስ ጋር ጦርነቱ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ በጊቫት ሃሞሬ ሰፈር በኢላና ቤት ሰባት ወንዶች ነበሩ፦ የኢላና ወንድም ሻሎም፣ ባሏ፣ ሁለት የአክስቷ ልጆች፣ ከሞሮኮ የመጡ ሁለት ሽማግሌ ጎረቤቶችና ከአራተኛ ፎቅ የወረደው ሙላው። ጎረቤቷ አብተው ወንበር ሊያደርስ መጥቶ በር ላይ ቆሟል።

ሻሎም እንደ አይሁድ ልማድ ሰውን አንድ፣ ሁለት ብሎ አይቆጥርም። አሥር ቃላት ያሉትን የመዝሙር ስንኝ በእያንዳንዱ ሰው ላይ አንድ አንድ ቃል እየጣለ ዞረ። ስምንተኛው ቃል አብተው ላይ ወደቀና ሻሎም ቆመ።

"ሁለት ቃል ቀረኝ" አለ።

የሻሎምና የኢላና አባት ማክሰኞ ነው የተቀበሩት። አሥር አይሁድ ወንድ ካልተሟላ ቃዲሽ፣ ልጅ ለሞተ አባቱ የሚደግመው ጸሎት፣ አይባልም። የመጀመሪያውን ቀን ቤቱ በዘመድ ሞልቶ ነበር። ትናንት ከከተማው በታች ሮኬት ሲወድቅ ግን ዘመዱ ሁሉ ልጆቹን ይዞ ወደ ደቡብ ሄደ። የሰፈሩ ምኩራብም መጠለያ ስለሌለው ተዘግቷል።

"አብተው፣ ነፍሴ" አለች ኢላና ከወጥ ቤቱ በር ላይ። "አባባ ይወድህ ነበር። በሕንጻው ውስጥ የቀረ ወንድ ካለ ጥራልኝ፤ ጸሎቱ ፀሐይ ሳትገባ መባል አለበት።"

አብተው እሱ ራሱ ከስምንቱ መቆጠር እንደሌለበት መናገር ነበረበት። እሱ ግን እሺ ብሎ ወጣ።

ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ከእናቱ ከምንይሹ ጋር ከጎጃም ተነስቶ፣ ጎንደር ላይ ስድስት ዓመት ጠብቆ፣ ከመጣ ሁለት ዓመቱ። የቅድመ አያቶቹ ወላጆች አይሁድ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ግን ክርስቲያን ሆነው ኖረዋል። ስለዚህ እሱና እናቱ በሳምንት ሁለት ማታ ወደ አይሁድነት የሚመለሱበትን ትምህርት ይማራሉ። ከአንድ ወር በኋላ በሚገባው የአይሁድ ወር፣ በኤሉል፣ ሦስት ረቢዎች ፊት ይቀርባሉ። እስከዚያ ከአሥሩ ሰው እንደማይቆጠር መምህሩ በመጀመሪያው ቀን ነግሮታል። በሕንጻው ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሙላው ብቻ ነው። ለኢላና ኪፓ፣ የአይሁድ ቆብ፣ የደፋ ኢትዮጵያዊ ሁሉ አንድ ነው።

ከታች ለመጀመር ወረደ። በመግቢያው አሥራ ስድስት የፖስታ ሳጥኖች አሉ። ከሱፍ ፋብሪካ ሲመለስ ሁልጊዜ ያያቸዋል። አብዛኞቹ በዕብራይስጥ፣ አራቱ በሩሲያ ፊደል፣ አንዱ እንደ ሐረግ በሚጠማዘዝ በጆርጂያ ፊደል፣ አንዱ በላቲን ተጽፈዋል። ሙላው ስሙን በዕብራይስጥም በአማርኛም ጽፏል። እነዚህ ሰዎች ከየት ነው የመጡት? ማንን ትተው? ሁለት ዓመት ሙሉ እየጠየቀ አንድም በር አንኳኩቶ አያውቅም። ዛሬ ምክንያት አገኘ።

ሦስት በር አንኳኳ፤ መልስ የለም። አራተኛውን የከፈተው ከሰፈሩ በላይ ባለው ሆስፒታል ነርስ የሆነው ኒዛር ነበር። የሥራ ልብሱን አላወለቀም።

"ይቅርታ" አለ አብተው። "ወንድ እፈልጋለሁ።"

ኒዛር ሳቀ። "አንድ አለ። ግን ለላይኛው ጸሎት የሚሆን አይመስለኝም። ሙስሊም ነኝ፤ ከናዝሬት ወዲያ ካለ መንደር።"

"አላወቅኩም።"

"ከየት ታውቃለህ? አንተ ሰላም ትለኛለህ፣ እኔ ሰላም እልሃለሁ፣ እንተላለፋለን። አንተስ ከየት ነህ?"

"ከጎጃም። ዓባይ ከሚዞርበት አገር።"

"ዓባይ የግብፅ አይደለም እንዴ?"

"ከኛ ነው የሚሄደው።"

"ይህን ማንም አልነገረኝም" አለ ኒዛር፣ እውነትም ገርሞት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የኢላናን አባት የስኳር መርፌ እኔ ነበርኩ የምወጋቸው። ከጸሎቱ በኋላ መጥቼ እቀመጣለሁ በላት።"

አብተው ሁለተኛ ፎቅ ሳይደርስ የሮኬት ማስጠንቀቂያው ጩኸት ተነሳ። በሮች ተከፈቱ፤ በሕንጻው የቀረው ሰው ሁሉ ግድግዳው ወፍራም ወደሆነው ደረጃ ወጣ። ሰዎቹን በአንድ ላይ አይቷቸው አያውቅም ነበር። የጆርጂያው ሽማግሌ በካናቴራ፣ ሚስታቸው ድስት ከነክዳኑ ታቅፋ፣ ከአርጀንቲና የመጣችው መምህርት ባዶ እግሯን፣ ግሪሻ የሚባለው ሩሲያዊ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ድመት ይዞ። እናቱ ምንይሹም ነጠላዋን ሳትደርብ ከመምህርቷ አጠገብ ተቀምጣለች፤ መምህርቷ እጇን ይዛታለች። በአንዲት ቃል እንኳ አይግባቡም። ከሩቅ አንድ ነገር ፈነዳ፤ ድመቷ ብቻ ጮኸች።

"ለሚንያን፣ ለአሥሩ ሰው፣ ከሆነ የምትዞረው" አሉ የጆርጂያው ሽማግሌ ሳይጠየቁ፣ "ሸሚዝ ልልበስና መጣሁ።"

ሰው ወደየቤቱ ሲገባ ግሪሻ ቆየ።

"እኔንም ልትጠራ ነው" አለ።

"አዎ።"

"አባቴ አይሁድ ነው። እናቴ ግን ሩሲያዊት ናት።" ድመቷን እያሻሸ ነው የሚናገረው። "ለአገሩ ሕግ እበቃለሁ፤ ለረቢዎቹ ግን አይሁድነት በእናት ስለሆነ አልበቃም። ልጄ አሁን ወታደር ሆኖ ሊባኖስ ድንበር ላይ ነው።"

"እሱን ሲጠሩት ስለ ሴት አያቱ ጠየቁት?"

"አልጠየቁትም።"

አብተው ወደ ሦስተኛ ፎቅ ቀና ብሎ አየ። "ታዲያ ምን ልበላቸው?"

"ምንም። እመጣለሁ። ባለፈው ዓመትም ሟቹ ሽማግሌ ራሳቸው ና ግሪሻ ብለው ጠርተውኝ፣ እምቢ ማለት አፍሬ ቆሜያለሁ።" ከዚያ አብተውን አተኩሮ አየው። "ምነው እንዲህ ታየኛለህ?"

"እኔም ገና ነኝ። በኤሉል ነው የምቀርበው።"

ግሪሻ ፈገግ አለ። "እኔ እኮ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ከንጉሥ ሰለሞን ጀምሮ አይሁድ ይመስለኝ ነበር።"

"እኔ ደግሞ ነጭ ሁሉ" አለ አብተው።

ሁለቱም እንዳይሰማባቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

ወደ ሦስተኛ ፎቅ ሲወጣ ሙላው ከኢላና በር ውጭ ጠበቀው። እ.ኤ.አ. በ1984 በሱዳን በኩል የመጣ የጎንደር ሰው ነው፤ ለአብተው ከሰላምታ ያለፈ ቃል ሰጥቶት አያውቅም።

"ስንት አገኘህ?"

"ሁለት።"

"እንግዲያው ሞላ።"

"ጋሼ ሙላው፣ የእኔን ነገር እርስዎ ያውቃሉ።"

"አውቃለሁ። አያቶችህ ማተብ ሲያስሩ የእኔ አያቶች አላሰሩም፤ ይህን አልረሳሁም።" መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ። "ቢሆንም ዛሬ ዝም ብለህ ቁም። እኛን ስንመጣ ረቢዎቹ ምን አሉን መሰለህ? ውኃ ውስጥ ገብታችሁ ውጡና ከዚያ እናምናችኋለን አሉን። እኔ አልገባሁም። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ስቆጠር።"

"ነገሩ ቢሰማ ትምህርቴ ይበላሻል። እናቴም..."

"ማን ያሰማል? እኔ?"

ገቡ። ሻሎም እንደገና ቃላቱን ጣለ። ዘጠነኛው ግሪሻ ላይ፣ አሥረኛው አብተው ላይ ወደቀ። ሻሎም ዓይኑን ጨፈነ፤ ትከሻው ወረደ። መጽሐፉን ገለጠ። ይህን ፊት አብተው አየው። ዝም ቢል ይህ ሰው ለአባቱ ቃዲሽ እንዳደረሰ አምኖ ይተኛል፤ እሱ ግን እንዳልደረሰ እያወቀ ነገ በደረጃው ላይ ሰላም ሊለው ነው።

"ሻሎም" አለ። "እኔን አትቁጠረኝ።"

"ምን?"

"ገና በትምህርት ላይ ነኝ። በኤሉል ነው የምጨርሰው።"

ኢላና ፎጣ እንደያዘች ቆመች። ሙላው ወለሉን አየ። ግሪሻ ሳያነብ አንድ ገጽ ገለጠ።

"ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?"

"አፈርኩ።"

ከሞሮኮ ሽማግሌዎች አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። "ልጁ ደግ አደረገ። እንግዲህ አንድ ጎደለን።"

ሻሎም በመስኮቱ አየ። ፀሐይ ከሸለቆው ማዶ ካለው ኮረብታ ጫፍ ደርሳለች። "አንድ ሰው" አለ፣ ለማንም ሳይሆን። "አንድ ብቻ።"

"እኔ አመጣለሁ" አለ አብተው።

መንገዱ ጭር ብሏል። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ወደ ሰሜን የሚወስዳቸው መኪና የሚጠብቁ ሁለት ወታደሮች ቦርሳቸው ላይ ተቀምጠዋል። አብተው ሮጦ ደረሰባቸው። በየበሩ መጠየቅ ያልደፈረውን እዚህ ቀጥ ብሎ ጠየቀ።

"ይቅርታ፣ አይሁድ ናችሁ?"

ጠቆር ያለው ወታደር ሳቀ። "ልብሱን አላየኸውም?"

"ልብሱ አይበቃም። ለሚንያን ነው። ለሐዘን ቤት።"

"እኔ የየመን ልጅ ነኝ። አያቴ ይህን ስትጠይቀኝ ብትሰማህ በጥፊ ነበር የምትልህ።"

"እሱስ?"

"አባቱ ከሮማንያ፣ እናቱ ከኢራቅ።"

"እናቱም አይሁድ ናት?"

"ኧረ አንተ ራስህ ረቢ ነህ" አለ ሌላው ወታደር። "ናት። የአያቴንም ስም ልንገርህ? ይልቅ መኪናው ሊመጣ ነው፤ አንዳችን ቦርሳ ይጠብቅ። ስንት ሰው ነው የጎደላችሁ?"

አብተው ቀና ብሎ ሦስተኛ ፎቅን አየ። የግሪሻ ጀርባ በመስኮቱ በኩል ይታያል። ሻሎም ያለው አንድ ነው። አንድ ቢወስድ ማንም አይጠይቀውም፤ ግሪሻ ስለማይቆጠር ግን አሥሩ አይሞላም። ቢናገር ደግሞ ግሪሻን ያዋርደዋል።

"ሁለት" አለ።

ወታደሮቹ ተያዩ፤ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ተከተሉት።

ሻሎም ሁለቱን ሲያይ ተገረመ። "አንድ ነበር የጎደለን።"

"አብረው ነበሩ" አለ አብተው።

ግሪሻ ከመጽሐፉ ቀና ብሎ አየውና ለየመኑ ልጅ ቦታ ለቀቀለት። አብተው በሩ አጠገብ ቆመ። ፀሐይ ሳትገባ ቃዲሹ ተባለ፤ ወታደሮቹም ወርደው መኪናቸውን ደረሱበት።